ከመግፋት በፊት ታኮ
ጋሪንና የጀልባ ተሳቢን በሰው ጉልበት ስለማንቀሳቀስ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። እውነቱን ነው። ይሁንና ሎሚው ጎማ ካለውና መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ ተረቱ ብቻውን አይበቃም። ሃምሳ ሰው ተረባርቦ ያስነሣውን ጋሪ የሚያቆመው ማን ነው? በምን ያቆመዋል? የትስ ላይ? በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ጎማ ያለውን ከባድ ዕቃ ማስነሣት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል መያዝና ማቆም ስለሆነ ሥራው መጀመር ያለበት ከእሱ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ሩቅ አይደለም። ነገ በጌራም ሆነ በሊሙ፣ በጎማም ሆነ በሰጠማ በአንዱ ትምህርት ቤት እንመደባለን። እዚያ ዴስክ ከመጋዘን ወደ ክፍል ይጓዛል፤ አሸዋና ድንጋይ ለግንባታ ይመጣል፤ ውሃ በበርሜል ይቀዳል። መኪና የለም፤ ያለው የእጅ ጋሪ ነው። አስተማሪው «ልጆች፣ ኑ እስቲ ግፉ!» ሲል ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ ከጋሪው ኋላ ይሰለፋሉ። ይቺ «ከጋሪው ኋላ» የምትባል ቦታ በዳገት ላይ ከሁሉ የከፋች መሆኗን አስተማሪው ካላወቀ ማን ያውቅላቸዋል?

፩. ጀልባውና ጋሪው አንድ ናቸው

በጣና የሚሠራው ታንኳ ከደንገል የተጠፈረ በመሆኑ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህም ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ለዚህ ጎማ አያስፈልገውም፤ ሰው በጉልበቱ ያወጣዋል። ከብረት ወይም ከፋይበር የተሠራ ጀልባ ከነሞተሩ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ጀልባ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ተጭኖ በመኪና ይጎተታል። ግቢ ሲደርስ መኪናው መዞሪያ ስለሚያጣ ተሳቢው ከመኪናው ይፈታና ባለቤቱ ጎረቤት ጠርቶ በእጅ ያስገባዋል።

በእኛ አካባቢ ሐይቅ የመጣው ቅርብ ጊዜ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው የግልገል ጊቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ከግድቡ ኋላ በተኛው ውሃም ዓሣ ይሰገራል። ቢሆንም በጊንጆ፣ በሔርማታ፣ በአጋሮ ወይም በየቡ ከመቶ ግቢ በአንዱ እንኳ የጀልባ ተሳቢ አይገኝ ይሆናል። ጋሪ ግን ሞልቷል፤ ቡና የሚጫንበት፣ ውሃ የሚቀዳበት፣ ቆርቆሮና ጣውላ የሚመላለስበት። ሁለቱም አንድ አክስል፣ ሁለት ጎማና አንድ ረጅም መሳቢያ አላቸው። የአንዱን ጠባይ ያወቀ የሌላውንም አወቀ ማለት ነው። እኛም ምሳሌያችንን በአብዛኛው ከጋሪው እንወስዳለን።

፪. ሚዛኑ፦ ጭነቱ የት ይቀመጥ?

ባለሁለት ጎማ ጋሪ ማለት መካከሉ ላይ የተደገፈ ረጅም እንጨት ማለት ነው። ድጋፉ አክስሉ ነው። ጭነቱ ከአክስሉ ወደ ፊት ሲያመዝን መሳቢያው ወደ ታች ይጫናል፤ ወደ ኋላ ሲያመዝን ደግሞ ወደ ላይ ይነሣል። ይህ በክፍል የምናስተምረው የመፈንቅል ሕግ ነው።

በቁጥር እንየው። የአንድ ጋሪ መሳቢያ ጫፍ ከአክስሉ 2 ሜትር ይርቃል እንበል። አራት ጆንያ ቡና፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 240 ኪሎ ጫንበት። (በፈረሱላ ለለመዱ 14 ፈረሱላ ገደማ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ።) የጭነቱ መካከል ከአክስሉ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ከሆነ መሳቢያውን የያዘው ሰው 30 ኪሎ ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ለወገብ ጠላት ነው። ጆንያዎቹን ገፋ አድርገን ርቀቱን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው ሸክሙ 6 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ጭነቱ ያው፣ ጋሪውም ያው ነው፤ የተለወጠው የጆንያው ቦታ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ልክ አክስሉ ላይ አናደርገውም? ዳገት አለና ነው። ከፍ ብሎ የተጫነ ጭነት ጋሪው ዳገት ሲጀምር ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጭነቱ መካከል ከአክስሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆንና መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ቢሆን ሚዛኑ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። በሜዳ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የነበረው፣ አሁን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሆነ ማለት ነው። ሳቢው ሳያስበው መሳቢያው ከእጁ ወደ ላይ ሊነሣበት ይጀምራል። ስለዚህ ደንቡ ሁለት ነው፤ ጭነት ዝቅ ይበል፣ ትንሽ ወደ ፊት ያድላ። ከዚያ በኋላ በገመድ ይታሰር።

ጀልባም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሚንጠለጠል ተሳቢው ከመኪና ሲፈታ ወደ ኋላ ማዘንበል ይወዳል። በዚህ ጊዜ ልጅ ከኋላ ቢንጠላጠልበት አፍንጫው ብድግ ይላል። ሌላም አለ፤ ክረምቱን ክፍት ሆኖ የከረመ ጀልባ ውሃ ያቁራል። የጀልባው አፍ 6 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 300 ሊትር ውሃ ይጨምርበታል። ይህ 3 ኩንታል ነው! ከመግፋት በፊት ከታች ያለውን መድፈኛ ነቅሎ ውሃውን ማፍሰስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግማሽ የሞላ በርሜልም ከሙሉው በርሜል ይልቅ አመለኛ ነው፤ ውሃው ወደ አዘነበለበት እየሮጠ ሚዛኑን ይለዋውጣል። በርሜል ከተጫነ ወይ ይሙላ፣ ወይ ይቅር። ውሃው ጥቂት ከሆነ በጀሪካን መክፈል ይሻላል።

፫. በሜዳ ስንት ጉልበት ይፈጃል?

200 ሊትር ውሃ የያዘ በርሜል ከነጋሪው 300 ኪሎ ይመዝናል ብለን እንነሣ። ጎማው በደንብ የተነፋ፣ መንገዱም አስፋልት ወይም ደህና ሆኖ የተነጠፈ ኮብልስቶን ከሆነ፣ እሱን ለማንከባለል የሚያስፈልገው ግፊት ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ያህል ነው፤ ማለትም 6 ኪሎ። በጠጠር መንገድ ከመቶ አራት ሊደርስ ይችላል፤ ያ 12 ኪሎ ነው። በለሰለሰ ጭቃ ግን ከመቶ ከ10 እስከ 20 ይሄዳል፤ 30 ወይም 60 ኪሎ መሆኑ ነው። (የፊዚክስ መምህራኖቻችን «ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው» እንዳይሉን፣ እያንዳንዱን ኪሎ በ10 ያባዙልን።)

አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ለጥቂት ደቂቃ ሳያቋርጥ 20 ኪሎ ያህል ይገፋል ብለን ብንገምት፣ አስፋልት ላይ አንድ ሰው በቀላሉ የሚወስደውን ጋሪ ጭቃ ላይ ሦስት ሰው ይታገለዋል። የጅማ ቀይ አፈር በክረምት ምን እንደሚሠራ ለሚያውቅ ማስረዳት አያሻንም። ጎማው ይሰምጣል፤ የገፊውም እግር ይንሸራተታል። መፍትሔው የሰው ቁጥር ከመጨመር በፊት መንገዱን ማዘጋጀት ነው። ሁለት ጣውላ ከጎማዎቹ ሥር አንጥፎ፣ ያለፉበትን እያነሡ ወደ ፊት መዘርጋት ይበቃል። የተሳቢው አፍንጫ ላይ የምትገጠመው ትንሿ ጎማም ለስላሳ መሬት ላይ ወዲያው ስለምትቀበር ለእርሷም ጣውላ ያስፈልጋታል።

ጎማና ኩሽኔታም አይዘንጉ። የቀዘቀዘ ጎማ ጭቃ ባይኖርም ጭቃ ላይ ያለ ያህል ያስለፋል። ግራሶ የጨረሰ ኩሽኔታ ደግሞ ይጮኻል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ጋሪው ባዶ ሳለ ጎማውን ከመሬት በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማሽከርከር ሁሉንም ይነግረናል። በጸጥታ ብዙ ከዞረ ደህና ነው። ከተንገጫገጨ ወይም ወዲያው ከቆመ ይፈታና ይታይ።

፬. ትንሿ ድንጋይ

በሜዳ በ6 ኪሎ ግፊት ሲሄድ የነበረው ጋሪ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ድንጋይ ወይም የበር መድረክ ሲገጥመው ቀጥ ይላል። ሰዎቹም ወደ ኋላ መለስ ብለው፣ ተንደርድረው ያጋጩታል። ይህ ጎማ ያፈነዳል፣ ቸርኬ ያጣምማል፣ ጭነት ይንዳል።

ሒሳቡን ብናየው የሚያስገርም ነው። ከመካከሉ እስከ መሬት 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነችውን ደረጃ ቆሞ ሳለ እንዲወጣ ቢፈለግ፣ ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ሲገጥሟት በአክስሉ ላይ 200 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል። አሥር ሰው ማለት ነው። ነገር ግን ዘዴ አለ፤

ሀ) ጋሪውን ሰያፍ አድርጎ አንዱን ጎማ አስቀድሞ ማውጣት፤ ሸክሙ በግማሽ ይወርዳል።

ለ) ከአካሉ ይልቅ ጎማውን ራሱን፣ ያውም ከአናቱ ይዞ ወደ ፊት ማዞር። የጎማው አናት ከመሬት ያለው ርቀት ከአክስሉ እጥፍ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ግፊት ከ200 ወደ 90 ኪሎ ይወርዳል። ጣት ግን ከመከላከያው ብረት ጋር እንዳይነክስ መጠንቀቅ ነው።

ሐ) ከሁሉ የሚሻለው ጣውላ ወይም አፈር ደልድሎ ደረጃዋን ዳገት ማድረግ ነው። 5 ሳንቲ ሜትሩን በ50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ብናስተኛው፣ ከ200 ኪሎ ወደ 36 ኪሎ ግፊት እንወርዳለን። ሁለት ሰው ይበቃል።

ጠባብ ግቢ ውስጥ ተሳቢን ማዞር ሲያስፈልግም ጉልበት ከማብዛት ዘዴ መጠቀም ነው። አንደኛውን ጎማ በታኮ ከፊትና ከኋላ ሸብቦ መሳቢያውን ወደ ጎን መግፋት፤ ሌላኛው ጎማ ዞሮ አንድ ክንድ ይራመዳል። ቀጥሎ ታኮውን ወደ ሌላኛው ጎማ አዛውሮ መሳቢያውን በተቃራኒው መግፋት። እንዲህ ግራ ቀኝ እየተባለ ተሳቢው እንደ ሰው «እየተራመደ» ግድግዳው ጥግ ይገባል። መሳቢያው በረዘመ ቁጥር ሥራው ይቀላል።

፭. ዳገትና ቁልቁለት፦ ዋናው ጉዳይ

እስካሁን ያልነው ስለ ድካም ነበር፤ አሁን የምንለው ስለ ሕይወት ነው።

በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ዳገት የጋሪውን ክብደት አንድ አሥረኛ ወደ ታች ይጎትታል። ለ300 ኪሎው ጋሪያችን 30 ኪሎ ነው። ለመውጣት የመንከባለሉ 6 ኪሎ ተደምሮ 36 ኪሎ ያስፈልጋል። በሜዳ በአንድ እጁ ሲገፋው የነበረ ሰው እዚህ ብቻውን አይችለውም። ችግሩም ይህን የሚያውቀው ዳገቱ መካከል ደርሶ ሲደክመው መሆኑ ነው።

ቢያመልጠውስ? ጋሪው 10 ሜትር ለመንሸራተት 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በዚያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። 3 ኩንታል በዚህ ፍጥነት ሲመጣ እጁን ዘርግቶ የሚያቆም ሰው የለም፤ ሊያቆም የሞከረ ይደፈጠጣል። በ5 ሰከንድ ውስጥ የገፊዎቹ ዋና ሐሳብ «ሽሹ!» ለማለት እንኳ አይደርስም።

ታላቁን የሀገራችንን ምሳሌ እናንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ በጎማ ላይ ሆኖ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ከዓመቱ መጀመሪያ ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ያህል መፍጀቱ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሄደው መድፉ እንዲያልፍ መንገድ በመጥረግ ነበር፤ የጅዳና የበሽሎ ገደሎች በመካከል አሉና። በሰሌዳ ላይ እናስላው። በደህና ሜዳ ከክብደቱ ከመቶ አምስት ቢጠይቅ 350 ኪሎ፣ ማለትም 18 ያህል ሰው ይበቃዋል። በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ግን 1,750 ኪሎ ይሆናል፤ ወደ 90 ሰው። ይህም መሬቱ ደልዳላ፣ የሁሉም ጉልበት እኩል ሆኖ ነው። ገደል ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ የወጣውን ያህል ይወርዳል። በመውረጃው ያው ክብደት መሳብ ቀርቶ መያዝ ይፈልጋል። መንገድ ጠራጊው ዳገቱን ባስተኛ ቁጥር የሳቢውም የያዡም ድካም ይቀንሳል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ምስሉ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። እኛም ከዚህ ታሪክ ለጋሪያችን የምንወስደው፣ መንገድ ማዘጋጀት ከሥራው ግማሹ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ለዳገትና ለቁልቁለት የሚከተለውን እንያዝ፤

ሀ) የታኮ ሰው ይመደብ። ሥራው መግፋት አይደለም፤ ታኮ መያዝ ብቻ ነው። ታኮው ከወፍራም እንጨት በሰያፍ የተቆረጠ ሆኖ ረጅም እጀታ ይመታበት። የታኮ ሰው በጎን እየተራመደ ታኮውን ከጎማው በታችኛው ወገን ያስከትላል። እጁንም እግሩንም ከጎማው ሥር አያገባም። ክብ ድንጋይ ታኮ አይሆንም፤ አብሮ ይንከባለላል።

ለ) በየጥቂት ሜትሩ «ታኮ!» ተብሎ ይቆም፤ ሰው ይተንፍስ። የደከመ ሰው ሳይናገር ይለቃልና፣ ሳይደክም ማሳረፍ ነው።

ሐ) ወደ ላይ ሲሆን ከታች ከመግፋት ከላይ በገመድ መሳብ ይሻላል። ገመድ ሳቢው ቢወድቅ ጋሪው ከእርሱ ይሸሻል እንጂ አይወጣበትም። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ግን ክልክል ነው።

መ) ወደ ታች ሲሆን ጋሪው ከታች፣ ሰው ከላይ ይሁን። ጋሪውን አስከትሎ እየሮጡ መውረድ ሞት መጋበዝ ነው።

ሠ) ቁልቁለቱ ከበረታ ገመዱን ከጋሪው በላይ ባለ ጠንካራ ዛፍ ዙሪያ ጠምጥሞ ቀስ እያሉ መልቀቅ። መፋተጉ መጠነኛ ቢሆን እንኳ አንድ ሙሉ ዙር የያዡን ጉልበት ስድስት እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ ሁለት ዙር ደግሞ ስድስት ጊዜ ስድስት፣ ማለት 36 እጥፍ ገደማ። ገመድና ልጣጭ ቢለያይም አንድ ሰው የሦስት ኩንታል ጋሪ በእርጋታ ሊያወርድ ይችላል። ለዚህ ሥራ የቡና ተክል አይሆንም፤ ሥሩ የያዘ ወፍራም ባሕር ዛፍ ወይም ዋንዛ ይፈለግ።

ረ) አዛዡ አንድ ይሁን። ሁሉም ሲጮኽ ማንም አይሰማም። «ተው!» የሚለው ቃል ግን የሁሉም ነው፤ ማንም ይበለው፣ ሁሉም ይቁም።

፮. ልጆች የት ይቁሙ?

ከላይ ያለው ሁሉ ተረስቶ አንዲት ነገር ብትቀር፣ ይቺ ትቅር፤ ልጅ ከጋሪ በታች አይቆምም። ዳገት ላይ ከኋላ አይገፋም፤ ቁልቁለት ላይ ከፊት አይሳብም፤ ጎማ አጠገብም አይሄድም። ልጆች መርዳት ከፈለጉ፣ መፈለጋቸውም አይቀር፣ ሥራ አለላቸው። መንገዱን አስቀድመው ከድንጋይ ያጽዱ፤ ጣውላ ያቀብሉ፤ ከላይ በኩል ሆነው ከሩቅ መንገደኛ ያስጠንቅቁ። ከቶውንም ጭነቱ ተከፍሎ በሁለትና በሦስት ዙር ቢወሰድ ምን ይጎዳል? አሥር ዴስክ በአንድ ጊዜ የጫነ አስተማሪ ያተረፈው ግማሽ ሰዓት ነው።

፯. ለክፍል ትምህርት

ይህ ጉዳይ ያለ ቤተ ሙከራ የሚሰጥ ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ነው። ለማስተማር ልምምድ ለምትዘጋጁ እነሆ ሦስት ሙከራዎች፤

1. ማስመሪያን በእርሳስ ላይ አስደግፎ፣ ላጲስን ወዲያና ወዲህ እያዛወሩ ጫፉን በጣት መያዝ። የጆንያው ቦታ ለምን እንደሚወስን ልጆቹ በጣታቸው ያውቁታል።

2. ትንሽ መጫወቻ ጋሪ ላይ ድንጋይ ጭኖ በላስቲክ መሳብ፤ በሲሚንቶ፣ በሣርና በአሸዋ ላይ ላስቲኩ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚለጠጥ እየለኩ መመዝገብ።

3. ጣውላን በአንድ መጽሐፍ፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በሦስት ከፍ አድርጎ ጋሪውን ወደ ታች መልቀቅ፤ የት ደርሶ እንደሚቆም በኖራ ምልክት ማድረግ። ቀጥሎ በትንሽ ታኮ ማቆም። በዚህ ጊዜ «እናንተ የት ትቆማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ሲያገኙት ሳይረሱት ይኖራሉ።

ወደ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት በእግሩ የወጣ ሁሉ የጅማ መሬት ሜዳ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። በዚህ አገር ጋሪ የሚገፋ ሰው ሁልጊዜ ወይ ከዳገት በፊት ነው፣ ወይ ከቁልቁለት በፊት። ስለዚህ ዴስክ ለማጓጓዝ፣ ውሃ ለመቅዳት ወይም የጎረቤትን ተሳቢ ለማስገባት ስንጠራ እጃችን መሳቢያውን ከመጨበጡ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ሚዛኑ የት ነው? ታኮው በማን እጅ ነው? ከታች ማን ቆሟል? ለሦስቱም መልስ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ «ያዝ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ማለት ይቻላል።